የማርስ መንገድ ነዳጁ ላይ ቆሟል

(በደብረ ማርቆስ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳይነካ የተገለበጠ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከሞጣም፣ ከቢቸናም፣ ከደጀንም የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። በዚህ የክረምት ጭቃ መንገዱን ችላችሁ፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። በእጄ ይዤ የማሳያችሁ ነገር ስላለ ከቅርብ ብታዩት ይሻላል።

ዛሬ ስለ ኑክሌር ሮኬት ነው የምነግራችሁ። ስለ ሮኬቱም ሳይሆን፣ በተለይ ስለ ነዳጁ ነው። አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰው ወደ ማርስ ሊሄድበት ይችላል የሚባለው የኑክሌር ሞተር ገና ያልተሠራ ይመስላችኋል? ብዙዎቻችሁ አዎ እንደምትሉ አውቃለሁ። ተሠርቷል። ዛሬ ሳይሆን ከ50 ዓመት በላይ አለፈው። ተሠርቶ፣ መሬት ላይ ታስሮ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ በሙሉ ኃይሉ ሠርቷል። ታዲያ ለምን አልበረረም? ገንዘብ ተቋረጠ፣ የፖለቲካው ነፋስ ዞረ፤ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሥራውን እንደገና ለመጀመር የተነሣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጋጨው ከአንድ ነገር ጋር ነው። ከነዳጁ! ያንን ሙቀት ችሎ፣ ያንን ሃይድሮጅን ችሎ፣ ሳይሰነጠቅና ሳይበላ የሚቆይ ነዳጅ። የማርስ መንገድ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደተሞከረና ምን እንደሰበረው። ሦስተኛ፣ ዛሬ የት እንደተደረሰና እኛን ምን እንደሚመለከተን። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ፍሬው ያለው እዚያ ነውና ፍቀዱልኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ከተለመዱት ሮኬቶች ጥሩ የሚባለው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያቃጥላል። በኋላ በኩል የሚወጣው በአብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው፤ በሴኮንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይወረወራል። በኑክሌሩ ሞተር ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር የለም። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይለቃል፤ ዩራኒየሙን የያዘው ጠጣር አካል ይግላል፤ ፈሳሽ ሃይድሮጅን በዚያ በጋለው አካል ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍ ይግላል፣ ይነፋል፣ በኋላ ይወረወራል። ሃይድሮጅን ብቻውን። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ክብደቱ 2 ነው፤ የውሃ 18 ነው። በእኩል ሙቀት ቀላሉ ፈጥኖ ይሮጣል። ስለዚህ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በአንድ ኪሎ በሚወረወር ጋዝ እጥፍ ግፊት ማለት እኮ ለሩቅ መንገድ ቀላል ነገር አይደለም!

አሁን ተማሪዎች ልብ በሉልኝ። በተለመደው ሮኬት ውስጥ ያለው እሳት ከኑክሌሩ ይበልጥ ይሞቃል። አዎ፣ ይበልጣል፤ ወደ 3,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ግን ያ እሳት ያለው መሃል ላይ፣ ጋዙ ውስጥ ነው። ግድግዳው በቀዝቃዛ ነዳጅ እየታጠበ ከእሳቱ ይሸሻል። በኑክሌሩስ? ሙቀቱ የሚመነጨው ከጠጣሩ አካል ውስጥ ነው። ጋዙ የሚሞቀው ከጠጣሩ ተቀብሎ ስለሆነ፣ ጠጣሩ ሁልጊዜ ከጋዙ መብለጥ አለበት። መሸሻ የለውም። ነዳጁ እሳቱም ነው፣ ግድግዳውም ነው፣ ቧንቧውም ነው። ሦስቱንም ሥራ አንድ ዘንግ ይሠራል።

ብረት በ1,538 ዲግሪ ይቀልጣል። እኛ የምንፈልገው 2,300 ዲግሪ ያለው ሃይድሮጅን ነው፤ ስለዚህ ነዳጁ ከዚያ በላይ መጋል አለበት። ያውም ሃይድሮጅኑ ከጋኑ ሲነሣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ያለ ፈሳሽ ነው። ከዚያ ቅዝቃዜ ተነሥቶ፣ አንድ ሜትር ከምናምን በሆነ ዘንግ ውስጥ አልፎ፣ እንደዚያ ግሎ ይወጣል። አንደኛው ጫፍ ውርጭ፣ ሌላኛው ጫፍ ነበልባል።

ስለ ኃይሉ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ጣና በለስን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ 460 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። በ1968 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፒዊ የሚባል የሙከራ ሪአክተር፣ እኛ ማብላያ የምንለው ማለት ነው፣ 503 ሜጋ ዋት ሙቀት ሰጥቷል። ያኛው ኤሌክትሪክ፣ ይሄኛው ሙቀት ስለሆነ አንድ ለአንድ አይወዳደሩም፤ አውቃለሁ። ግን የፒዊ ነዳጅ ያለበት አካል ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ነበር። ሰው አቅፎት እጁ ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ኃይል እንዲህ ባለች ስፍራ ሲታጨቅ ቁሱ ምን እንደሚሆን አስቡት። (ዓመተ ምሕረቱንም፣ ወርና ቀኑንም ከዚህ በኋላ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው።)

ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ።

በ1955 አሜሪካኖቹ ሎስ አላሞስ በሚባለው ቤተ ሙከራቸው ሮቨር የሚባል ፕሮጀክት ጀመሩ። ለነዳጁ የመረጡት ግራፋይት ነበር። ይህን እዩ፤ ከፊት ያላችሁ ተቀባበሉት። ይህ ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ ያወጣሁት የካርቦን ዘንግ ነው። በእጃችሁ ዳሱት፤ ቀላል ነው አይደል? ጣታችሁን ያጠቁራል። የዚህ ዘመድ የሆነው ግራፋይት በመደበኛ ግፊት አይቀልጥም። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሲግል ሲደክም፣ ግራፋይት እስከ 2,500 ዲግሪ ገደማ ሲግል ይበረታል! ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ብትሉ አይፈረድባችሁም።

ግን ጠላት አለው። ጠላቱ ሃይድሮጅኑ ራሱ ነው። የጋለ ሃይድሮጅን ካርቦንን ይበላል፤ ሚቴንና ሌሎች ጋዞች አድርጎት ይዞት ይወጣል። ሞተሩ የሚሠራበት ጋዝ ሞተሩን ይበላል ማለት ነው። ስለዚህ ምን አደረጉ? ዘንጉን ባለ ስድስት ጎን አድርገው ሠሩት፤ ከጎን እስከ ጎን 19 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.32 ሜትር። በውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ቀዳዳዎች። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳ መጀመሪያ በኒዮቢየም ካርባይድ፣ በኋላ በዚርኮኒየም ካርባይድ ቀቡት፤ ካርባይድ ማለት ብረትና ካርቦን የተዋሐዱበት ቁስ ነው። ዩራኒየሙ ደግሞ በካርባይድ መልክ፣ በጥቃቅን ፍሬዎች ተደርጎ ግራፋይቱ ውስጥ ተበተነ። የዩራኒየም ካርባይድ ፍሬ የአየር እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ፍሬ ለብቻዋ ካርቦን አለበሷት። እስቲ አስቡት፣ እነዚያን ሁሉ ፍሬዎች፣ አንድ በአንድ ልብስ!

የመጀመሪያዎቹን ሪአክተሮች ኪዊ አሏቸው፤ በማትበረው ወፍ ስም። ለመብረር አልተሠሩም፤ ለመሞከር ነበር የተሠሩት። የመጀመሪያው በሐምሌ 1, 1959 ኔቫዳ በረሃ ላይ ተነሣ። አፉን ወደ ሰማይ አድርገው ነበር ያቆሙት።

አሁን የምነግራችሁን ግን በተለይ የምህንድስና ተማሪዎች ያዙልኝ። በኅዳር 30, 1962 ኪዊ ቢ 4 ኤ የሚባለው ተሞከረ። ኃይሉ ከፍ እያለ ሲሄድ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ የብርሃን ብልጭታ መታየት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ያ ብልጭታ ምን ነበር? ነዳጁ ነበር! ተሰባብሮ በአፉ እየወጣ ነበር። አቆሙት። ሲፈታ አብዛኛው ዘንግ ተሰብሯል። ከሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሳቸው ቦታውን ሊያዩ መጡ። ጫናው ይታያችሁ! ፕሬዚዳንት ቆሞ መቼ ይበርራል እያለ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ቶሎ ቶሎ ብሎ ሌላ ሠርቶ እንደገና ያነድዳል። ሃሮልድ ፊንገር የሚባሉት የኑክሌር ሮኬት ቢሮው ኃላፊ ግን አይሆንም አሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የጋለ ሙከራ የለም አሉ። ከዚያ የተደረገውን ስሙ። ዩራኒየም የሌለበት ሪአክተር ሠሩ። ዘንጉ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ ማሰሪያው ያው፤ ዩራኒየም ብቻ የለውም። እሳት የለም። በዚያ ውስጥ ጋዝ ብቻ ነፉበት። ምን ተገኘ? ያለ እሳትም ተንቀጠቀጠ! በዘንጎቹ መካከል ባለችው ስስ ክፍተት የሚያልፈው ጋዝ ነበር ዘንጎቹን እያርገፈገፈ የሚሰብራቸው። ሙቀቱ አልነበረም። ዩራኒየሙ አልነበረም። የጋዙ አካሄድና የዘንጎቹ አስተሳሰር ነበር። አስተሳሰሩን አስተካከሉ፤ በግንቦት 1964 ኪዊ ቢ 4 ዲ ሳይንቀጠቀጥ በሙሉ ኃይል ሠራ። እኔ ይህን ታሪክ ከሁሉም አስበልጬ እወደዋለሁ። በዚያ ሁሉ ችኮላ ውስጥ ቆም ብሎ፣ እሳቱን አውጥቶ፣ ቀዝቃዛውን ብቻ መሞከር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ንዝረቱ ተፈታ። ቅቡ ግን ገና ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ። ያደግኩት ከጮቄ ግርጌ፣ ስናን በኩል ነው። አያቴ ቤት ስታስመርግ ጭቃውን እኛ ልጆቹ ነበርን የምንረግጠው። ጭቃ ብቻውን በእንጨት ላይ ተለስኖ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጭቃው ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እንጨቱ አይሰበሰብም፤ ያልተስማማው ይሰነጠቃል። የሮቨር ቅብም ያው ነበር። ቅቡን በከፍተኛ ሙቀት ነው የሚያስይዙት። ሲቀዘቅዝ ካርባይዱ ከግራፋይቱ ይልቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ሃይድሮጅን ይገባል። ከገባ ደግሞ ከቅቡ ሥር ግራፋይቱን እየበላ ዋሻ ይሠራል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ዘንጉ በጣም የተበላው የት ይመስላችኋል? እጅግ በሚግለው ጫፍ ትሉኛላችሁ። አይደለም! መሃሉ ላይ ነበር። ለምን? የጋለው ጫፍ ሲሠራ ሙቀቱ ቅቡ ወደተቀባበት ሙቀት ስለሚጠጋ፣ ስንጥቁ መልሶ ይገጥማል። መሃሉ ግን ስንጥቁ እንዳይገጥም ያህል ቀዝቃዛ፣ ሃይድሮጅኑ እንዲበላ ያህል ግን የጋለ ነው። ይህን በወረቀት ላይ አስቦ የሚያገኘው ማን ነው? የተገኘው ዘንጉ ከሙከራ በኋላ እየተቆረጠ ሲታይ፣ ሲመዘን ነው።

አያቴ ለስንጥቁ መድኃኒት ነበራት። የጤፍ ጭድ። ጭዱ በጭቃው ውስጥ ተሰራጭቶ ስለሚይዘው፣ ቢሰነጠቅም ስንጥቁ ሩቅ አይሄድም። ሎስ አላሞሶችም በመጨረሻ የደረሱበት ከዚህ አይርቅም። ዩራኒየምና ዚርኮኒየም ካርባይድን በግራፋይቱ ውስጥ እንደ ድር አድርገው አያያዙት። ሃይድሮጅን በስንጥቁ ገብቶ ግራፋይቱን ቢበላ እንኳ፣ የካርባይዱ ድር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ድብልቅ ነዳጅ አሉት።

አሁን ወደ መለኪያ ልምጣ፤ መለኪያ ላይ ሆዴ አይችልም። ትምህርቴን ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ፋብሪካ ነው። እዚያ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ሌሊት የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው መስታወት ሙሉ ነው፤ እኔም ደህና ነው ብዬ ቆሜያለሁ። እሳቸው ግን መስታወቱን ብዙ አላዩትም። ከታች ያለውን የመፈተሻ ቧንቧ ከፈቱ። ውሃ መውጣት ሲገባው ምን ወጣ? ደረቅ እንፋሎት! ፉጨቱ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እሳቱን ወዲያው ዘጉ። ለካ ወደ መስታወቱ የሚወስደው ቀዳዳ ኖራ በመሰለ ዝቃጭ ተደፍኖ፣ በውስጡ የነበረው ውሃ እዚያው ታግቶ ቆሞ ኖሯል። መስታወቱ ሙሉ ነው ይላል፤ ቦይለሩ ግን ሊያልቅበት ነው። መለኪያው መጠገን ከነበረበት ቆይቷል፤ ደጋግመው አመልክተው የሰማቸው አልነበረም።

ለምን ይህን አነሣሁ? በሰኔ 25, 1965 ፌበስ 1 ኤ የተባለው ሪአክተር ወደ 1,100 ሜጋ ዋት በሚጠጋ ኃይል አሥር ደቂቃ ያህል በሚገባ ሠራ። ሙከራው ያማረ ነበር። ነገር ግን የሃይድሮጅን ጋኑ መለኪያ በጨረሩ መካከል የተሳሳተ ንባብ ይሰጥ ነበር። ገና አለ ይላል፤ ሃይድሮጅኑ አልቋል። ሃይድሮጅኑ ግፊት የሚሰጠው ብቻ አይደለም፤ ማቀዝቀዣውም እሱ ነው። ሲያልቅ ነዳጁ ራሱን አቃጠለ፣ ተበላሸ። ያማረው ሙከራ በመጨረሻዋ ሰዓት በመለኪያ ምክንያት ጠፋ። ልጆቼ፣ የምታምኑት መለኪያ በምን እንደሚሠራ እወቁ። ሁልጊዜ ሁለተኛ መንገድ ይኑራችሁ።

ከሙከራ በኋላ የሚደረገውንም ባጭሩ ልንገራችሁ። የሠራ ሪአክተር አጠገብ ሰው አይደርስም፤ ጨረሩ ይገድላል። በባቡር ሐዲድ ላይ፣ ከርቀት በሚነዳ ባቡር እየጎተቱ ወደ መፍቻ ሕንፃ ይወስዱታል። እዚያ ሰዎች ከወፍራም መስታወት ጀርባ ቆመው በብረት ክንድ ይፈቱታል። እያንዳንዱን ዘንግ ያወጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ ስንት ግራም እንደጎደለ ይጽፋሉ፣ ስንጥቁን ፎቶ ያነሣሉ። የነዳጅ ሙከራ ማለት በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ከሚነደው ጊዜ የሚመዘነው ጊዜ ይበልጣል።

በዚህ ትዕግሥት የት ደረሱ? በታኅሣሥ 1967 ኤን አር ኤክስ ኤ 6 በ1,100 ሜጋ ዋት 62 ደቂቃ ሳያቋርጥ ሠራ። በ1968 ፌበስ 2 ኤ ከ4,000 ሜጋ ዋት በላይ ሰጠ፤ እስካሁን ለሮኬት ከተሠሩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ፒዊ ነዳጁን 2,750 ኬልቪን አደረሰው፤ በእኛ ሴልሺየስ ወደ 2,480 ዲግሪ ገደማ። በ1972 ደግሞ ሞተር ያልሆነ፣ ለነዳጅ ሙከራ ብቻ የተሠራ፣ የኑክሌር ምድጃ የሚሉት ትንሽ ሪአክተር ሠሩ፤ 44 ሜጋ ዋት። ድብልቁን ነዳጅና ንጹሑን ካርባይድ አንድ ላይ ወደ 109 ደቂቃ አነደዱ። ድብልቁ ደህና ቆየ። ንጹሑ ካርባይድ ሙቀቱን ቻለ፤ ግን ተሰባሪ ስለሆነ ብዙ ቦታ ተሰነጠቀ። ይህ ምድጃ ሌላም ቁም ነገር ነበረው፤ የሚወጣውን ጋዝ አጥቦና አጣርቶ ነበር የሚለቀው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሁሉ በቀጥታ ወደ ሰማይ ነበር የሚተፉት። በ1973 መጀመሪያ ሁሉም ተዘጋ።

ሶቪየቶችም ነበሩ። የዛሬዋ ካዛክስታን ውስጥ፣ ሰሚፓላቲንስክ አጠገብ፣ ካርባይድ ነዳጅ በተጠማዘዘ ጥብጣብ መልክ ሠርተው በሪአክተር ውስጥ ሞክረዋል። የእነሱ መንገድ ሙሉ ሞተር ከመሥራት ይልቅ ነዳጁን ለብቻው ደጋግሞ መሞከር ነበር። በእኔ አስተያየት ከእነሱ ብዙ መማር ነበረብን።

ሁለተኛውን እቃዬን ላውጣ። ይቺ ከተቃጠለ አምፖል የወጣች ክር ናት። ታንግስተን ትባላለች። በ3,422 ዲግሪ ነው የምትቀልጠው፤ ከብረታ ብረት ሁሉ የመጨረሻዋ ናት። ሃይድሮጅንም አይበላትም። አንዳንዶች ታዲያ በ1960ዎቹ ዩራኒየም ኦክሳይድን በታንግስተን ውስጥ በትነው ነዳጅ ሠሩ፤ ሰርሜት ይባላል፤ ግማሹ ሴራሚክ፣ ግማሹ ብረት። ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? በዚያ ሙቀት ዩራኒየም ኦክሳይድ ኦክስጅኑን እየለቀቀ ይሄዳል፤ ነፃ የሆነው ዩራኒየም በታንግስተኑ ቅንጣቶች ድንበር እየሾለከ ይገባል፤ ሞተሩ ሲጠፋና ሲነሣ፣ ሲጠፋና ሲነሣ ታንግስተኑን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ማርስ ሄዶ የሚመለስ ሞተር ደግሞ አንዴ ተነሥቶ አይበቃውም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሙቀት መቻሉ ብቻ ምስክር አይሆንም፤ ስንት ጊዜ ግሎ፣ ስንት ጊዜ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ተመዘነ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

የቀድሞዎቹ ዩራኒየም ከ90 በመቶ በላይ የበለጸገ ነበር፣ ማለትም በቀላሉ የሚሰነጠቀው የዩራኒየም ዓይነት ድርሻው ያን ያህል ነበር፤ ለቦምብ የሚሆን ዓይነት ማለት ነው። ዛሬ የሚሠራው ከ20 በመቶ በታች በበለጸገ ነው። ይህ ለዓለም ሰላም ጥሩ ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን ሌላ ፈተና ያመጣል። አቶሙን የሚሰነጥቀውን ቅንጣት፣ ኒውትሮኑን፣ ፍጥነቱን የሚቀንስ ነገር፣ ለምሳሌ ዚርኮኒየም ሃይድራይድ፣ ከጋለው ነዳጅ አጠገብ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ያ ቁስ ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ሲሞቅ የያዘውን ሃይድሮጅን ይለቃል። የጋለውንና ሙቀት የማይችለውን ጎን ለጎን ማኖር!

ሙከራው አሁን በደረጃ ነው። መጀመሪያ አቶም ሳይሰነጠቅ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል እያጋሉ ሃይድሮጅን ያሳልፉበታል። አላባማ ውስጥ ባለው የናሳ ማርሻል ማዕከል ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለ። ጄነራል አቶሚክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2025 መጀመሪያ እንዳሳወቀው፣ ነዳጁ እዚያ በሃይድሮጅን ውስጥ ስድስት ጊዜ እስከ 2,600 ኬልቪን ግሎ ቀዝቅዟል፤ በእያንዳንዱ ዙር ከፍተኛው ሙቀት ላይ 20 ደቂቃ ቆይቷል። ከዚያ የሚቀጥለው አይዳሆ ያለው ትሪት የሚባለው ሪአክተር ነው። ከ1959 ጀምሮ ሠርቶ፣ በ1994 ቆሞ፣ በ2017 እንደገና ተነሣ። ለጥቂት ጊዜ ከባድ ኃይል ይለቃል፤ ነዳጁ በእውነተኛ የአቶም መሰንጠቅ በፍጥነት ሲግል ምን እንደሚሆን ይታይበታል።

የጎደለው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ሙሉ ሞተር መሬት ላይ አንድዶ፣ የሚወጣውን ሁሉ አጣርቶ የሚይዝ ቦታ ዛሬ የለም። ድራኮ የሚባል ፕሮግራም በአሜሪካ ተጀምሮ ነበር፤ መሬት ላይ በሙሉ ኃይል ሳይሞክሩ በቀጥታ ሕዋ ላይ ሊያስነሡት ነበር ሐሳባቸው። በ2025 ተሰረዘ። ገንዘቡም፣ የማምጠቂያ ዋጋ መውረዱም ተጠቅሷል። እኔን ያሳዘነኝ መሰረዙ ብቻ አይደለም። የሙከራው ቦታ ቀድሞ ቢገነባ ኖሮ ፕሮግራም ሲመጣና ሲሄድ ነዳጁ ቀስ እያለ መሻሻሉን ይቀጥል ነበር። ሁሌ ከሞተሩ ይጀምራሉ፤ ከነዳጁ ቢጀምሩ ነበር የሚሻለው።

እኛንስ? ሀገራችን በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕዋ ሳይንስ የሚያጠኑ አሉ። ኑክሌር ሮኬት ነገ ጎጃም ላይ እንሠራለን እያልኩ አላታልላችሁም። የምለው ይህ ነው፦ ይህን ሥራ ያቆመው ጥያቄ የቁስ ጥያቄ ነው። ቅብ ለምን ይሰነጠቃል? ጋዝ ጠጣርን እንዴት ይበላል? ሁለት የማይስማሙ ነገሮች አንድ ላይ እንዴት ይግላሉ? ይህን ለመማር ዩራኒየም አያስፈልግም። ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስን፣ ሚዛንን የምትወዱ ልጆች ይህ የእናንተ ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ ከነመልሳቸው እነሆ።)

ከወላጆች መካከል አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲወጣ ተበላሽቶ ሰው ላይ ቢወድቅስ? እኛ ልጆቻችንን ወደዚህ ስንልክ ይህን ማወቅ አለብን።»

እናቴ፣ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያልተነሣ ሪአክተር ውስጥ ያለው ዩራኒየም ጨረሩ ደካማ ነው። አደገኛው ነገር የሚፈጠረው ሪአክተሩ ሲነሣ፣ አቶሙ ሲሰነጠቅ ነው። ስለዚህ ሕጉ መሬት ላይ ሳይነሣ ወጥቶ፣ ቶሎ ከማይወድቅበት ከፍታ ከደረሰ በኋላ ብቻ ይነሣ የሚል ነው። ባሕር ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ውሃ ገብቶበት በራሱ እንዳይነሣ ሆኖ መሠራት አለበት። አሜሪካኖቹ በጥር 1965 አንድ ኪዊ ሆን ብለው እንዲፈነዳ አድርገው ስብርባሪው የት ድረስ እንደሚሄድ ለክተዋል። የሠራ ሪአክተር ግን መውደቅ የለበትም። በጥር 1978 የሶቪየት ኮስሞስ 954 ሳተላይት ከነሪአክተሩ ሰሜን ካናዳ ላይ ወድቆ ስብርባሪውን በበረዶ ላይ ፍለጋ ሲለቅሙ ከርመዋል። ያ የሆነው ዝቅ ብሎ ይዞር ስለነበርና ከፍ እንዲያደርገው የተዘጋጀው ዘዴ ስላልሠራ ነው። ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ መሐንዲሱም እንደ እርስዎ መፍራት አለበት።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ጋሼ፣ ያለ ዩራኒየም ይቻላል ብለዋል። እኛ ትምህርት ቤት ያለነው ምን መሥራት እንችላለን?»

ጎበዝ! በመጀመሪያ ሃይድሮጅንን እንዳትነኩ፤ ይፈነዳል፣ ለብቻ የሚሞከር አይደለም። ግን አየር አለ። ግራፋይት በአየር ውስጥ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ኦክስጅን ይበላዋል። ከሃይድሮጅኑ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በሌላ ጋዝ፣ ግን የሚለካው ነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ስንት ግራም ጎደለ? ሁለት ዘንግ ትወስዳላችሁ። አንዱን ባዶውን፣ አንዱን በሸክላ አፈር ቀብታችሁ። ትመዝናላችሁ፣ በመምህራችሁ ፊት በምድጃ ታግላላችሁ፣ ቀዝቅዞ እንደገና ትመዝናላችሁ። ከዚያ የተቀባውን ሰብራችሁ ስንጥቁ ሥር ምን እንደሆነ በማጉያ መስታወት ታያላችሁ። 600 ላይ፣ 700 ላይ፣ 800 ላይ ደጋግሙት፤ ቁጥሩን በሠንጠረዥ አስቀምጡት። የባትሪ ድንጋይ ራሳችሁ እንዳትሰብሩ፤ የጸዱ ዘንጎች፣ ትንሽ ምድጃና ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚሁ አዳራሽ ነኝ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።